አንቱና አንተ

ግንቦት 8

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ጀመርኩና «አሐዱ አምላክ» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ዕድሜ ልኬን ሳላስብ የምጽፈው ቃል ነው። ደባርቅ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝና የደንበኛ ልክ በምጽፍባት ቁራጭ ወረቀት ራስጌ ላይ እንኳ እሱን ሳላሰፍር የትከሻ ስፋት ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን «አሐዱ» የሚለው ቃል ቀና ብሎ ያየኝ መሰለኝ።

ነገሩ የሊድያ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት፤ ጎንደር መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ትናንት ደወለችና ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ከሄደች በኋላ ነገረችኝ። ለካ አዳራሽ ተከራይተው የሚጸልዩ ሰዎች ዘንድ መሄድ ከጀመረች ከርማለች። ሥላሴ ሳይጠራ በአንድ ስም ብቻ እንደገና ተጠምቃለች።

«አባባ፣ እግዚአብሔር አንድ ነው» አለችኝ።

«እኛስ መቼ ሁለት አልን ልጄ?»

«ሦስት ነው ያላችሁት።»

«አንድም ሦስትም ነው ያልነው።»

«እሱን ነው እኮ የምልዎ! አንድ ከሆነ ‹ሥላሴዎች› ማናቸው?»

«የምትለብሽው ብርድ ልብስ አለሽ?» አልኳት።

ግንቦት 10

«ሥላሴዎች» የእናቷ ቃል ነው። ሊድያ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ሚስቴ ታንጉት፣ ነፍሷን ይማርና፣ በር ድረስ ትሸኛትና «ሥላሴዎች ይጠብቁሽ» ትላት ነበር። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር በዚያ ሲያልፍ ሰማና «እናቴ፣ ሥላሴዎች አይባልም። ሥላሴ ነው። አንድ አምላክ ነው፣ ‹ይጠብቅሽ› ይበሉ» ብሎ አረማት። አንገቷን ደፍታ «እሺ ጌታዬ» አለች። በማግስቱ በር ላይ ቆማ «ሥላሴዎች ይጠብቁሽ!»

«ምነው፣ ትናንት ታርመሽ?» አልኳት።

«አንቱ ደግሞ! እንዲያ ያለውን ትልቅ ‹ይጠብቅሽ› ብዬ እንደ እኩያዬ ላዘው?»

ለእሷ ማክበር ነበር እንጂ መቁጠር አልነበረም። እኔንስ ቢሆን? ዕድሜዋን በሙሉ «አንቱ» ነው ያለችኝ። ከሱቅ ስመለስ በመስኮት ታየኝና «መጡ፣ መጡ! ተነሽ በር ክፈቺ» ትላታለች ሊድያን። ልጅቷ ገና ትንሽ ናት፣ በሩን እየጎተተች ትከፍትና እኔን አልፋ ከኋላዬ ታያለች። አንድ ቀን እያዘነች «ሌሎቹስ?» አለችኝ።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«እማዬ መጡ አለች እኮ። ብቻዎን ነዎት!»

ታንጉት ሳቋን ማቆም አቅቷት ምሰሶውን ያዘች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በገባሁ ቁጥር ሁለቱም «ሌሎቹስ የት ቀሩ?» ይሉኝ ነበር። ሊድያ ትልቅ ሆና እንኳ ለበዓል ስትመጣ ትለኝ ነበር።

አሁን በሩን ራሴ ነው የምከፍተው።

ግንቦት 17

ደርቤ ከዳባት መጣ። የታንጉት ታላቅ ወንድም ነው፤ ድምፁ ከሱ ቀድሞ ነው የሚገባ። ስለ ሙት ዓመቷ ልንነጋገር ነው። ሐምሌ አምስት ነው ያረፈች። ሰባት ደግሞ የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ነው፤ እሷም የሥላሴ ማኅበርተኛ ነበረችና በዚያው ቀን ይሁን አልን። የሰኔው ጾምም ተፈቶ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ተስማማን።

ከዚያ «ያቺ ልጅህስ?» አለኝ።

«ምን ሆነች?»

«አትቀልድብኝ ዋሴ። የጎንደር ወሬ ዳባት የማይደርስ መሰለህ? ከመጣች በካህኑ ፊት በስመ አብ ብላ፣ አማትባ ትግባ። አለዚያ እኔም የዳባት ዘመድም ደጅህን አንረግጥም።»

«የእናቷ ሙት ዓመት ነው እኮ ደርቤ።»

«የእኔስ እህት አይደለችም? ፈጣሪዋን ጠርታ ነው ያረፈች፤ አንተው ነህ በድንኳኑ የነገርከን። እንዲያ ያለ ሞት የሞተችን ሴት ልጇ ታሳፍራት?»

ጠላውን ሳይቀምስ ሄደ። ጠላ ሳይቀምስ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።

ግንቦት 18

የነገርኳቸው እውነት ነው። እዚህም ላስፍረው።

ታንጉት ባረፈች ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ሊድያ ከጎንደር መምጣት አልቻለችም። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና ረህማ ነን፤ ረህማ የጎረቤቴ የካሚል ባለቤት ናት። ካሚል ከእኔ ሱቅ አጠገብ ክርና ዚፕ ይሸጣል፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ታንጉት ታማ በተኛች ጊዜ ከረህማ በላይ ያስታመማት የለም። በዚያ ቀን የታንጉትን ራስ ክንዷ ላይ ደግፋ ይዛለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ታንጉት ከማለዳ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም። ውሃ ላመጣላት ብድግ ስል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አንተ… አለህ አይደል? አትራቀኝ።»

ታንጉት ትልቅ ሰው «አንተ» ብላ አታውቅም። «አንተ» የምትለው አንድ እሱን ብቻ ነው፣ ያውም በጸሎቷ። እንግዲህ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ገባኝ። ባለሁበት ቆምኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አማተብኩና «አሜን» አልኩ። ብዙም አልቆየች።

በድንኳኑ ስናገር የንስሐ አባታችን ቄስ መልከ ጼዴቅ እንባቸውን ጠረጉ። ረህማ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው መንገድ ላይ ያቆመኝና «የታደለች ናት» ይለኛል። ያቺ ቃል ናት ዓመቱን ያሻገረችኝ።

ግንቦት 26

ሊድያ ደወለች። ደርቤ የጠየቀውን ሰምታለች።

«አላማትብም አባባ። ያላመንኩበትን ለሰው ፊት ብዬ አላደርግም። እንዲያ ቢሆን እማዬም አትወደውም።»

«እናትሽማ በሥላሴ ስም ነው የኖረች።»

«በመጨረሻስ ምን አለች? እርስዎ ነዎት በስልክ የነገሩኝ! ‹ሥላሴዎች› አላለችም። ‹አንተ› ነው ያለች። አንድ መሆኑ ተገልጦላት ነው።»

ቃሏን አጎቷ በዚያ ይጎትታታል፣ ልጇ በዚህ። መካከሉ ላይ እኔ ቆሜያለሁ። ምናለ ለራሴ ይዣት ብቀር ኖሮ።

ሰኔ 4

ጾሙ ገባ። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ መልከ ጼዴቅን ጠብቄ «አባ፣ አንድም ሦስትም የሚለውን ለልጄ እንዴት ብዬ ላስረዳት?» አልኳቸው።

«ፀሐይን አሳያት። ክበቧ አለ፣ ብርሃኗ አለ፣ ሙቀቷ አለ፤ ፀሐይ ግን አንዲት ናት።»

«አባ፣ በዚህ ጉም? ደባርቅ ፀሐይ ካየን ሰነበትን እኮ።»

ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ምሳሌ እኮ ደመና አይከለክለውም!» ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉልኝ። «በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ። አብ አምላክ ነው፣ ወልድ አምላክ ነው፣ መንፈስ ቅዱስ አምላክ ነው፤ አማልክት ግን አንልም። እዚያ ላይ ምላሳችን ይተሳሰራል። መተሳሰሩም ደግ ነው።»

«እርስዎን ‹እርስዎ› እያልኩ እሱን ‹አንተ› የምለውስ ለምንድን ነው?»

ጥምጥማቸውን ነካ አደረጉ። «እኔን እርስዎ የምትለኝ ለጥምጥሜ ነው። እሱ ዘንድ ይህ ሁሉ የለም። አንተ ስትለው ከጎኑ ሌላ እንደሌለ መሰከርክ። ሥላሴ ስትለው ደግሞ አንድ ነው እንጂ ብቸኛ አይደለም አልክ። ፍጥረት ሳይኖር በፊትም ፍቅር ነበረው። አንድ መሆንና ብቻ መሆን ይለያያሉ ልጄ።»

ስንለያይ ጉሙ ዋጣቸው። አንድ መሆንና ብቻ መሆን። ይህን ከመጽሐፍ ሳላነብ አልጋዬ ላይ እኮ ተምሬዋለሁ።

ሰኔ 6

ያንኑ ለሊድያ በስልክ ነገርኳት። አንድ ነው፣ ብቸኛ ግን አይደለም አልኳት። አሸነፍኳት ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ፦

«ብቸኛ ነዎት እንዴ አባባ?» አለችኝ።

«ተይ እንጂ፣ እኔ የማወራሽ ስለ እግዚአብሔር ነው።»

ሰኔ 11

የትምህርት ቤት ልብስ ጥድፊያ የለም። ሥራ ቀዝቃዛ። በግድግዳው ማዶ ረህማና ካሚል ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«ንገረዋ!»

«አንቺ ንገሪው። እዚያ የነበርሽው አንቺ።»

የእኔ ጣሪያ ውሃ እነሱ ጋ እየገባ መሆን አለበት። ሊነግሩኝ አፍረው ነው። ነገ ቆርቆሮውን አየዋለሁ።

ሰኔ 12

ቆርቆሮው ደህና ነው።

ካሚል ጋ ክር ልገዛ ገብቼ «አንተ ምን ትላለህ፣ የእኔና የልጄን ነገር ሰምተሃል» አልኩት። እጁን አነሣ። «ዋሴ፣ በአላህ፣ እኔን እዚህ ውስጥ አትክተተኝ። እኔ የምሸጠው ዚፕ ነው።» ረህማ ከጓዳ ብቅ ብላ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን አላቀቀች። ደንበኛ ገባ። ተመለሰች።

ሰኔ 16

ዝናብ። ያለፈ ነገር ሲመጣብኝ ዋለ።

ታንጉትን መጀመሪያ ያየኋት በጎንደር መንገድ ኮሶዬ ላይ ነው። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ተበላሽቶ ሁላችን ወርደን ገደሉን ዳር ዳሩን ቆመን ነበር። ነፋሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፎ ወሰደውና እሷ ላይ ተጠመጠመ። አጥፋ ስትሰጠኝ «ነጠላዎ አንቱን ትቶ እኔን መረጠ» አለች። ያኔ ጢም እንኳ በቅጡ አልነበረኝም፤ ማን አንቱ ብሎኝ ያውቃል! ደስ አለኝ። ሰው መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከተጋባን በኋላ ግን አንዳንዴ «ምናለ አንድ ቀን አንተ ብትይኝ» እላት ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና «ኧረ ይተዉኝ» ትላለች። አንቱ የሚሉት ራቅ ያለን ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር። እንዲያው ሐሳብ ነው። አክባሪ ሚስት ነበረች፣ ምን ጎደለኝ።

ሰኔ 21

ደርቤ በሥላሴ ማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በሙሴው በኩል ቁርጡን ላከ። ታማትብ ወይም ትቅር።

ሊድያ ዘንድ ደወልኩ። «እንዲያው መንገዱም ክረምት ነው… ጭቃም ነው… ቢቀርብሽስ?» አልኳት።

«አትምጪ ነው የሚሉኝ?»

«አላልኩም።»

«አትምጪ ይበሉኛ፣ በግልጽ! ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

መስመሩ ተቋረጠ።

እውነቱን ልጻፍ። አልተቋረጠም። ዘጋሁት።

ሰኔ 22

አልሰፋሁም። አልበላሁም። ጾም ነው ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁት።

ሰኔ 26

ረህማ ዛሬ ሱቁ ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አልቀመጥም አለች።

«ጋሼ ዋሴ፣ ሊድያ አትመጣም አሉ?»

«እንዲያ ሆነ።»

«በእትዬ ታንጉት ቃል ምክንያት?»

«በእሱም ነው።»

ሻሿን አጠበቀች። «የማያገባኝ ገብቼ እንዳይሆንብኝ። ያ ቃል ግን… ለፈጣሪ አልነበረም።»

መቀሱ እጄ ላይ ነበር። አስቀመጥኩት።

«ለእርስዎ ነው ያለችው። ውሃ ሊያመጡ ሲነሡ ጀርባዎን አየች። ‹አንተ፣ አለህ አይደል? አትራቀኝ› ያለች ያኔ ነው። ራሷን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኗ የት እንዳለ አጣዋለሁ?»

«ታንጉት እኔን አንተ ብላ አታውቅም።»

«ፊትዎ ነዋ! እኛ ቤት ስትመጣማ ‹ይሄ ዋሴ፣ ዛሬም ሳይበላ ወጣ፣ ምን ባደርገው ይሻለኛል› ነበር ወሬዋ። ‹ፊት ለፊት አንቱ፣ ዞር ሲሉ አንተ፣ ምን የሚሉት ነው?› እላታለሁ። ‹አፌ አልለመደማ፤ አንድ ቀን እለዋለሁ፣ ይደነግጣል› ትልና ትስቃለች።»

«እኔ እኮ አሜን አልኳት» አልኩ።

«ሰማሁ። እሷም ሰምታ ፈገግ አለች። ዓይንዎን ጨፍነው ነበር፣ አላዩም።»

«ለምን እስከ ዛሬ…»

«በድንኳኑ ቆመው ሲናገሩ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ምን ብዬ ላፍርስብዎ? ደግሞም የሃይማኖታችሁ ነገር መሰለኝ። አሁን ግን ልጅቷን ደጅ ሊያስቀራት ሲሆን ዝም ማለት ሐራም ሆነብኝ።»

ስትሄድ ካሚል በግድግዳው በዚያ በኩል ሳል ሳል አደረገ።

ሰኔ 27

አምላኳን ጠራች ብዬ ዓመት ሙሉ ተጽናናሁ። ጠራችህ ሲሉኝ ለምን አለቀስኩ?

ብናገር ከተማው ይስቅብኛል። የሚስቱን ጨዋታ ጸሎት አድርጎ በድንኳን የሰበከ ሰውዬ ይሉኛል። ዝም ብልስ? ደርቤና ሊድያ ለእኔ የተባለውን ቃል እየተናጠቁ ይኖራሉ። የእኔ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ።

የሥላሴ አንድነት በታንጉት ቃል የሚቆም፣ በታንጉት ቃል የሚፈርስ አይደለም። ያን ሁሉ ጭነት የታመመች ሴት አፍ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። እሷ የጠየቀችኝ አለህ ወይ ብላ ነው።

ሐምሌ 1

ለሊድያ ነገርኳት። አንድ ሳላስቀር።

«እርስዎን?» አለች። «እማዬ? አንተ አለችዎ?»

«አዎ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«አሜን።»

መጀመሪያ ሳቅ ነው የሰማሁት። ከዚያ ሳቅ አልነበረም። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ በመርፌ ትራሱ ላይ ግንባሬን ደገፍኩ፤ ተወጋሁ።

«አባባ፣ ያመንኩትን ግን አልተውም።»

«ተይ አላልኩሽም። እኔም የማምነውን አልተውም። ነይ ነው የምልሽ። ባለፈው ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ መስመሩ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ሐምሌ 3

ዳባት ወረድኩ። ደርቤ ከብቶቹን ከጭቃ ወደ በረት ሲያስገባ አገኘሁትና እዚያው ነገርኩት። ፊቱ ቀላ።

«ለስንቱ ሰው ተናግሬ! እህቴ እንዲህ ብላ አረፈች እያልኩ!»

«እኔም ተናግሬያለሁ።»

«አሁን እንዴት ልበል?»

«እንደሆነው።»

ዱላውን ተደገፈ። ከዚያ በዝግታ «አንተ አለችህ?» አለኝ።

«አለችኝ።»

«አባታችን ቢሰማ!» ብሎ ፊቱን ወደ ከብቶቹ አዞረ። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም። «የእኔዋ እንኳ አንድ ቀን…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ሊድያን ጠርቻታለሁ» አልኩት። «በስመ አብ በይ አልላትም። እኛ እንላለን፣ እሷ ትስማ። አንተ ከቀረህ ቦታህ ባዶ ይሆናል፤ ሰው አላስቀምጥበትም።»

እመጣለሁም እቀራለሁም ሳይል በረቱን ዘጋ። ጠላ ግን አስቀዳልኝ።

ሐምሌ 7

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ዛሬ እጄ አልቆመም።

ከማለዳ ጀምሮ ዘነበ። ካህናቱ መጡ፣ ማኅበርተኛው መጣ። ከዳባት የመጣው መኪና ሲቆም ከሁሉ ቀድሞ የገባው የደርቤ ድምፅ ነው። ሳይቀመጥ ጠላ ጠየቀ።

ሊድያ የለችም። ኮሶዬ ላይ ጉሙ መኪና አላሳልፍ ብሏል አሉ። ካሚል ባጃጅ ይዞ መናኸሪያ ወረደ። ቄስ መልከ ጼዴቅ ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲነሡ ደርቤ «አባ፣ ትንሽ ቢታገሱ… ልጅቱ መንገድ ላይ ናት» አለ። ደርቤ ነው ያለው። እኔ አይደለሁም።

ረህማ መስኮቱ ጋ ነበረች። «መጡ፣ መጡ!» አለች።

ራሴ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ሊድያ ብቻዋን ቆማለች፣ ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ካሚል ባጃጁን ሊያቆም ወደ ጥግ ዞሯል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እሷን አልፌ ከኋላዋ አየሁ።

«ሌሎቹስ?» አልኳት።

ፊቷ እንደ ሕፃንነቷ ሆነ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ብርዷ በጋቢዬ ውስጥ ዘለቀኝ። ስትገባ አላማተበችም። የአጎቷን ጉልበት ሳመች። ደርቤ እጁን ራሷ ላይ እንዳሳረፈ ትንሽ ቆየና «በርዶሻል፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በይ» አላት። ሌላ አልጨመረም።

ጸሎቱ ሲደርስ እሷ ከረህማ ጋር በረንዳው ላይ ቆመች። አንድነቱን ሦስትነቱን ካህኑ ሲያነሡ እኛ አማተብን፣ ሁለቱ ዝናቡን አዩ። ልቤ አልተጎዳም ብል ውሸት ነው። ከእኔ ጋር ብታማትብ ደስ ባለኝ። ግን ልጄ በረንዳዬ ላይ ነበረች። ሰውን ከኋላው ስንት እንዳለ ሳልቆጥር ከተቀበልኩ፣ ፈጣሪንም ከኋላው ማን አለ ሳልል ልጠራው ይገባኛል ብዬ አሰብኩ። አንዱን ጠርተን ሌሎቹን የምንፈልግ እኛ ነን። እሱ ሙሉ ሆኖ ነው የሚመጣ።

ሰው ተበተነ። ሊድያ ጓዳ ውስጥ የእናቷን ልብሶች እያጠፈች ነው፤ ይህን ስጽፍ የሳጥኑ ክዳን ሲንቋቋ ይሰማኛል። መብራቱ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«አባባ፣ አሉ?»

አሜን አላልኩም።

«አለሁ» አልኳት።